የወንድሜ ሙሉ ፕሮፌሰርነት

ልጆች ሳለን ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ድክ ድክ» ይለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሲሮጥ ላየው አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ ያሰኛል። ሯጩ እኔ ነበርኩ። ሜዳሊያውም ጭብጨባውም የእኔ ነበር። ዛሬ ግን የስፖርት ሳይንስ ምሁር ተብሎ ስለ ሩጫ ለዓለም የሚያስተምረው ድክ ድክ ነው። እኔ ጉልበቴ ለውድድር አልሆን ካለ ወዲህ የስፖርት ዕቃ መጋዘን እጠብቃለሁ። ታዲያ አንጀቴ ቢያርር ይፈረድብኛል?

ይባስ ብሎ ስም ያተረፈው በእኔ ሳንባ ነው። የሯጭ አቅም በዕድሜ እንዴት እንደሚቀንስ ያጠናል። ከሃያ ዓመት በፊት እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሯጮች ሰብስቦ ጀመረ፤ በየአምስት ዓመቱ እየጠራ ይለካናል። አንዱ አገር ለቀቀ፣ አንዱ ታመመ፣ ሁለቱ ሰለቻቸው፣ አምስት ቀረን። ከአምስት ካነስን ጥናቱን የሚያትመው መጽሔት ጽሑፉን አይቀበልም፤ ጽሑፉ ካልወጣ ደግሞ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱ አይጸድቅም። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ እንዳልቀርበት ብላ። ምስኪን፣ ለማን እንደምትነግር መች አወቀች።

የመጨረሻው ልኬት ዕለት ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የአምስታችን ውጤት በመስመር ተስሏል። ከሁሉም በላይ ያለው የእኔ ነው፤ አጠገቡ የተጻፈው ግን «ተሳታፊ አንድ» ይላል። ከሥር የወንድሜ ስም በትልቁ ከነማዕረጉ ሰፍሯል። ዓይኔ ከዚያ ስም ላይ አልነሳ አለ።

ደረቴ ላይ የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ፣ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል አሰሩልኝ። የመሮጫው ማሽን በየሁለት ደቂቃው ይፈጥናል፣ ዳገትም ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሯጩ በቃኝ ሲል ከፊቱ ያለውን ብረት በመዳፉ ይመታል፣ ማሽኑ ይቆማል፤ ቶሎ ካቆመ ግን ልኬቱ አይያዝለትም።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሼም እግሬም ደህና ነበሩ። ወንድሜ በነጭ ጋውን፣ እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። ሙሉ ፕሮፌሰር አልኩ በሆዴ፤ ብረቱን መታሁት።

አንገቴን ደፍቼ አለከለክኩ። ረዳቱ ስክሪኑን አየችና የልብ ምቴ ገና መቶ ሠላሳ መሆኑን፣ አቅሙን የጨረሰ ሰው ልብ እንዲህ እንደማይመታ ተናገረች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኼ ነው፤ የገዛ ልቤ አሳበቀብኝ። አርፎ ይድገመው አለች።

ወንድሜ ቁጥሩን ብዙ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ገባው። እንዲሰድበኝ ፈለግኩ፤ የምመልስለት የሃያ ዓመት መልስ ነበረኝ።

«አይደገምም» አላት። «ወንድሜ ደክሞታል። ከጥናቱ አውጪው።»

«አራት ብቻ ይቀሩናል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ጭምብሉን ፈታልኝ፣ ላብ ያልነካውን ፊቴን በፎጣ ጠረገልኝ። «ልድገመው» ማለት አማረኝ። ግን እሱን ካልኩ ማታለሌን ማመኔ ነው። በደግነቱም ቀናሁበት፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ረዳቱ ፊት አዋርደው ነበር።

«ቀስ በል፣ ወንድም ጋሼ» ብሎ ትከሻውን ሰጠኝ።

እግሬ ገና ብዙ መሮጥ ይችል ነበር። በቃኝ ያልኩት ግን እኔው ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ደከመ ሰው ተደግፌው እስከ በሩ ሄድኩ።