ሁለተኛው ሙቀት

የምድጃውን ክፍል በር ከውስጥ ቆለፍኩና ሙቀቱን ጨመርኩ። ምድጃው ውስጥ ያሉት ለትናንሽ አውሮፕላኖች የማረፊያ እግር የሚሆኑ የአሉሚኒየም ማያያዣዎች ናቸው፤ ደንበኛው ዛሬ ይወስዳቸዋል።

አጎቴ በሩን በመዳፋቸው መቱት። ወርክሾፑ የሳቸው ነው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እንደገና እያሞቅኳቸው ነው፣ ጋሼ።»

«ጥንካሬያቸው ተለክቶ አልፏል እኮ።»

«ችግሩ ማለፋቸው ነው።»

«አሁን ደግሞ ማለፍ ጥፋት ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ለዚህ ነው?»

ሰኞ ዕለት አንዱን ማያያዣ መደርደሪያ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። አልወደቀም፣ ማንም አልነካውም። ቀዳዳው ውስጥ በግድ የገባው ቀለበት ወጥሮት ከርሟል፤ የቀረውን እርጥብ አየር ሠራው። በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ማያያዣው የተቆረጠበት ሰሌዳ ሲዳመጥ የተጠፈጠፉት የብረቱ ቅንጣቶች እንደ ካርቶን ተደራርበው ተኝተዋል፤ ስንጥቁ አንዱንም ሳይበሳ በመካከላቸው ሾልኳል። ጥንካሬው ጣሪያ እስኪነካ ስናሞቀው፣ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ከራሱ ከብረቱ የሚወጡ ደቃቅ ጠጣሮች ጥቅጥቅ ብለው ይሰለፋሉ። ለዝገት የተጠረገ መንገድ ነው። ተጨማሪ ሙቀት ያወፍራቸውና ያራርቃቸዋል፤ ብረቱ ግን ይለሰልሳል፣ የደንበኛውንም ልክ አያሟላም። መመለሻ የለውም። ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነግሬያቸው ነበር። «ደንበኛው የሚለካው ጥንካሬ ነው» አሉኝ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

«ከድጡ ወደ ማጡ ከተትሽን» አሉ። «ደግሞ ማጥፊያው እኔ ጋ መሆኑን ረስተሻል።»

እውነትም አላሰብኩበትም።

«ያጥፉታ። የተሰነጠቀው ግን ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። ከፀጉር አይወፍርም።»

«አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይወፍራል።»

የምድጃው ጉርምርምታ እስኪቋረጥ ጠበቅሁ። አልተቋረጠም። ከውጭ ግን ብረት ከብረት ተፋጨ፤ የበሩ የውጭ መቀርቀሪያ ነው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ደንበኛው ሲመጣ ከፍተሽ በጓሮ እንዳትሾልኪ። እኔ ስለ ቅንጣት የማወራበት አፍ የለኝም። ለስልሷል ብለሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«እምቢ ካለስ?»

«ወርክሾፑን አብረን እንዘጋለና። ምድጃውን እየከፈትሽ እንዳታዪ፤ ግማሽ የበሰለ ለማንም አይሆንም።»

እርምጃቸው ራቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለደንበኛው የምናገረውን የመጀመሪያ ቃል ፈለግሁ።