ለማሳያ የተቀመጠው አልጋ

እኔ ሰው መሳደብ አልወድም፤ ሰው ግን ሳያሰድበኝ አይውልም። የአልጋ መሸጫውን ባለቤት "አቶ ነገ" ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። እውነተኛ ስሙ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ ይጻፍ። "አልጋው መቼ ነው የሚመጣው?" ስለው "ነገ" ይለኛል። በማግስቱ ስሄድ "ነገ አላልኩሽም እንዴ?" ብሎ ይስቃል። ይስቃል እኮ ነው የምላችሁ! ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ታጥቦ የሚስቅ ግን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከሦስት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ብረት ገባላት፣ ወደ ቤት ላኩን። ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ትተኛ፣ ራስጌው ቀና የሚል፣ በጎኑ ይዛ የምትነሳበት ብረት ያለው። እንዲህ ያለውን አልጋ ያየሁት አቶ ነገ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሟል፣ ነጭ ነው፣ እጀታውን ስታዞሩት ራስጌው ቀስ እያለ ይነሳል። ዋጋው ሃያ አራት ሺህ። ግማሹን ቀብድ አምጪ አለኝ። ቀብዱ አልሞላ ሲለኝ አሮጌውን አልጋችንን ሸጥኩ። አዎ፣ ሸጥኩ! በአስራ አምስት ቀን አዲሱ ይመጣል ከተባለ፣ ለአስራ አምስት ቀን ፍራሽ ወለል ላይ ቢነጠፍ ምን ይጎዳል አልኩ። ሞኝነቴን እናንተ አትንገሩኝ፣ ራሴ ለራሴ በቀን ሦስቴ እነግረዋለሁ።

አስራ አምስቱ ቀን ስልሳ ቀን ሆነ።

ዳሌው ብረት የገባበትን ሰው ከወለል ላይ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ እውልና፣ ክንዴ ዝሎ ቤቴ ገብቼ እማዬን ብብቷ ስር ይዤ አነሳታለሁ። እሷ ጥርሷን ትነክሳለች። ጠዋት ስወጣ ፖፖ አጠገቧ አስቀምጥላታለሁ፤ ዳሌዋን ማንሳት ካልቻለች ግን ፖፖ ምን ይሠራላታል? እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሽንቷ ይመጣል። ሦስት ጊዜ እንዲያ ሆና ደረስኩባት። በሦስተኛው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለወንድምሽም ቢሆን" አለችኝ። ከታመመች ጀምሮ እንዲህ አጥብቃ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕፃናት ያስተማረች መምህርት ናት። ቁጣዋ ድምፅ የለውም፤ ዝም ብላ ታያችኋለች፣ በቃ። የእኔን ጩኸት "ከአባትሽ ወገን ያመጣሽው ነው" ትለኛለች። ከተሰበረች ወዲህ ጠያቂ አታስገቢብኝ አለች። "ወለል ላይ ተጋድሜ ሰው አልቀበልም። አልጋው ሲመጣ ያኔ ይምጡ።" ስለዚህ ጎረቤት ባንኳኳ ቁጥር "ተኝታለች" እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ የተኛች ሴት ናት እንግዲህ።

ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው ያለው። እሱ በስልክ ምክር ይልካል። "በትህትና አስረጂው፣ ሰው አይደል እንዴ?" ይለኛል። ሰውዬውን አላየውማ! ትህትናዬን እኮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጨርሼዋለሁ።

ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ለዘጠኙም ከደመወዜ ተቆርጦብኛል። መጀመሪያ አልጋው መርከብ ላይ ነበር። ቀጥሎ ጉምሩክ ገባ። ከጉምሩክ ወጥቶ መጋዘን፣ ከመጋዘን ተመልሶ ጉምሩክ፤ ይሄ አልጋ ከእኔ የበለጠ አገር አየ። ስልክ ስደውል አያነሳም፣ በሌላ ሰው ስልክ ስደውል "አቤት!" ይላል፣ ድምፄን ሲሰማ ኔትወርኩ ይጠፋበታል። በስምንተኛው ሄጄ "በቃ፣ አልጋህም ይቅርብኝ፣ ቀብዴን መልስልኝ" አልኩት። ደረሰኙ ላይ በገዛ እጁ "በአስራ አምስት ቀን ካልደረሰ ቀብዱ ይመለሳል" ብሎ ጽፏል፤ አጠገቡ ቆሜ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። "የተከፈለ ቀብድ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፕላስተሩን ገና አቧራ እንኳ አልነካውም!

"ይሄ መቼ ተለጠፈ?"

"ድሮም ነበረ፣ የኔ እህት።"

የኔ እህት ይለኛል ደግሞ። እህትህ አያድርገኝ!

በዘጠነኛው ነው ነገሩ የገባኝ። ጥግ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ባልና ሚስት መጡ። አቶ ነገ የአልጋውን እጀታ አዞረ፣ ራስጌው ተነሳ፣ ሚስትየው ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። ቀብድ ከፈሉ፣ ደረሰኝ ይዘው ወጡ። "በአስራ አምስት ቀን" ሲላቸው ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ለካ ሌላ አልጋ የለም! መርከብም የለም፣ ጉምሩክም የለም። ያለው ይሄ አንድ አልጋ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሰው ቀብድ ይታለብበታል። "እንግዲያው ይሄንኑ ስጠኝ" አልኩት። "እሱ ለማሳያ ነው፣ አይሸጥም" አለኝ። እሺ አልኩ በልቤ። ቆይ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬን ዋሸኋት። "አልጋው መጥቷል። በቁመትሽ ልክ ሊያስተካክሉት ስለሆነ ሄደሽ ትተኚበታለሽ" አልኳት። ፊቷ በራ። ሁለት ወር ያላየሁት ፈገግታ ነው። ሰማያዊ ቀሚሴን አምጪ አለችኝ፣ ፀጉሯን ሁለቴ አስበጠረችኝ፣ መነጽሯን ጠርጋ ራሷ አደረገች። ጎረቤታችን ባለታክሲው መጣና ወንበር ላይ አስቀምጠን ለሁለት ተሸክመን መኪናው ውስጥ አስገባናት። እሱ ዝምተኛ ነው፣ ያየውን ለሰው አያወራም።

አቶ ነገ ሱቁን ከፍቶ ሻይ እየጠጣ ነበር። በሩን በጀርባዬ ገፍቼ ከነወንበሯ ስናስገባት ብርጭቆው እጁ ላይ ቀረ። አፉን ከመክፈቱ በፊት በፌስታል የያዝኩትን አንሶላ አውጥቼ አልጋው ላይ አነጠፍኩ፤ ራሴ የተኮስኩት ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። እማዬን አንስተን አስተኛናት። ባለታክሲው መኪናው ጋ ልጠብቅ ብሎ ወጣ። እጀታውን አዞርኩት፣ ራስጌው ተነሳ። እማዬ በጎኗ ያለውን ብረት ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ከዚያ በራሷ፣ በገዛ ራሷ እኮ ነው፣ ስባ ተቃናች።

"ጥሩ አልጋ ነው" አለች። ወደ አቶ ነገ ዞር ብላም፣ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ዛሬውኑ ትልኩልናላችሁ?" ብላ ጠየቀችው።

ማቆም የነበረብኝ ያኔ ነው። አላቆምኩም።

"ንገራት!" አልኩት። "እስቲ ዓይኗን እያየህ ነገ በላት!"

"እህቴ፣ ይሄ እኮ የሥራ ቦታ ነው..."

"ቀብዴን እስክታመጣ እናቴ ከዚህ አትነሳም! ገዢ ሲመጣ አልጋውን የማስተዋውቀው እኔ ነኝ።"

እማዬ እጄን ያዘችኝ። "መጥቷል አላልሽኝም?" አለች ቀስ ብላ። "ቆይ እማዬ" አልኳት። ቆይ! ለእናቴ!

አቶ ነገ መጀመሪያ ለመነኝ። ቀጥሎ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። "ጥራ፣ ደረሰኙን አብረን እናነብለታለን" ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ሰልችቷት ትሄዳለች ብሎ ነው፤ እኔን አያውቀኝማ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልጋው ግርጌ ቆምኩ። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ደርሰው እኛን አይተው ተመለሱ። እማዬ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ግን አልተኛችም። ሁለት ጊዜ "እንሂድ ልጄ" አለችኝ። ሁለቴም "ትንሽ ነው የቀረው" አልኳት።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ቦርሳ ይዞ ገባ። ለአባቱ አልጋ ፈልጎ ትናንት ከአቶ ነገ ጋር ተነጋግሮ ኖሮ፣ ዛሬ ቀብዱን ይዞ መምጣቱን ተናገረ። አቶ ነገ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ሊወስደው ሲል ሰውየው ወደ አልጋው አየ። ቆመ። ጎንበስ አለ።

"ቲቸር? ቲቸር ነዎት?"

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። በእጇ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አደረገችው። "ማን ልበል?"

"ሁለተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ግራኙ ነኝ! ሁሉም በቀኝህ ጻፍ እያሉ ሲያስጨንቁኝ፣ ተዉት ያሉልኝ እርስዎ ነዎት።"

"ግራኙ" አለች እማዬ፣ ድምጿም ያ የመማሪያ ክፍሉ ድምፅ ሆነ። "ጽሕፈትህ ከሁሉም ያምር ነበር።"

"ምነው ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?"

"ምንም። አልጋ ልንገዛ ነው።"

ምንም አለች። ጨዋ ናት፣ ነገሩን እዚያው ዘጋችው። እኔ ግን ከሰውየው ጀርባ አቶ ነገ ፈገግ ሲል አየሁት። ተረፍኩ ብሎ እኮ ነው! ቆሽቴ አረረ፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።

"ምንም አይደለም? ይሄ ሰውዬ አስራ ሁለት ሺህ ቀብድ በልቶ ስልሳ ቀን ወለል ላይ አስተኝቷታል! ዳሌዋ ተሰብሮ! መነሳት እያቃታት ልብሷ ላይ ትሸናለች፣ ቲቸርህ! ሦስት ጊዜ! ከሥራ ስመጣ በሽንቷ ርሳ አገኛታለሁ! በል፣ አንተም ቀብድህን ስጠውና አባትህ እንዲህ ይሁንልህ!"

ጩኸቱን ሰምተው በሩ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም ሁሉንም ሰሙ። ግራኙ እማዬን ማየት አቅቶት ጫማውን አየ። ከዚያ ወደ አቶ ነገ ዞሮ ድምፁን ሳያነሳ፣ "አሁኑኑ ክፈላት። ካልከፈልክ ከዚህ በር ላይ ንቅንቅ አልልም፣ ለሚገባው ሁሉ የሰማሁትን እነግረዋለሁ" አለው። በሩ ላይ ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ። አቶ ነገ መሳቢያውን ከፈተ። አስራ ሁለት ሺህ፣ የተጨማደደውንም ያልተጨማደደውንም፣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ከሰዎቹ መሃል አንዱ "ጎሽ!" አለኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆጠርኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስንወጣ ግራኙ ከባለታክሲው ጋር ወንበሩን ተሸከመ። መኪናው ውስጥ ካስገባናት በኋላ እማዬ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ፊቱን አላየችውም።

መንገድ ላይ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። "አየሽው አይደል እማዬ? ላቡ ሲወርድ አየሽው? ዘጠኝ ጊዜ ያመላለሰኝ ሰውዬ! ሰኞ ሌላ ቦታ ሄጄ አልጋሽን እገዛለሁ፣ ዕለቱን የሚጫን፣ ቀብድ ምናምን የሌለበት።" እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ባለታክሲው ይነዳል።

"ቁጠሪው" አለች።

"ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነው።"

"እኔ እየሰማሁ ቁጠሪው። ተሽጬ ስንት እንዳወጣሁ ልወቅ።"

ባለታክሲው በመስታወቱ አየኝና ቶሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። "ላንቺ ብዬ ነው እኮ!" ልል ነበር፤ ተውኩት። እውነቱን ልናገር፣ በእሷም ተናደድኩ። እንዲህ ደክሜላት! በእልህ ብሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። መቶ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሦስት ሺህን አለፍኩ፣ አራት ሺህን አለፍኩ። እያንዳንዷን መቶ ስጠራ በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ፊት ይመጣብኛል፣ "ሦስት ጊዜ!" ያልኩት ይሰማኛል። ስድስት ሺህ ላይ ቆምኩ። እንባዬ ብሩ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረግኩትም።

"እማዬ፣ ይብቃኝ። በናትሽ።"

"ቀጥዪ" አለች።

"ስድስት ሺህ አንድ መቶ" አልኩ።