ማን እንዳልሆነ

«ከመንገድ ይዞባቸው የመጣው እሱ ነው» አለች ባለሱቋ፣ አፏን በመዳፏ ከልላ። የእሷ ሹክሹክታ ደግሞ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። «ደህና የነበሩትን ሰውዬ! ልጅ ወልዶ ማሳደግ ለዚህ ነው?»

ሻይ እያዞረች የነበረችው የሟች ልጅ ሰማች። ትሪውን አናቷ ላይ ብትደፋባት ደስ ባላት። የለቅሶ ቤት ነውና ብርጭቆውን አቀበለቻት፤ ስኳርም ጨመረችላት። ከዚያ በመስኮቱ አሻግራ ወንድሟን አየችው። ግቢው በር አጠገብ፣ በተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ከሰው ጋር ቤት ገብቶ አልተቀመጠም። ለቀስተኛው እሱ ዘንድ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥንና «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፣ ሳይቆም። እናቱ እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

ለሰፈሩ ነገሩ ግልጽ ነው። ልጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከወደብ ሲመለስ ትኩሳት ይዞት ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ መሳል ጀመረ። ይሄን ማን ይስተዋል?

እህቱ ግን የምትሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከተማው ውስጥ የሚዞረው ቫይረስ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ መከታተል ነው ሥራዋ። የሰፈሯን ሰው ናሙና ከየአፍንጫው የወሰደችው እሷ ናት፤ የአባቷንም፣ የወንድሟንም። ናሙናው በኮድ ይገባል፤ የማን እንደሆነ መፈለግ ክልክል ነው። ይሁን እንጂ የአባቷን ብልቃጥ በገዛ እጇ ያሸገች ልጅ ኮዱን እንዴት አድርጋ ትርሳው?

አንድ ጊዜ አባቷ ምን እንደምትሠራ ጠይቋት ነበር።

«ቫይረስ ማለት ከጓደኛው እንደሚገለብጥ ተማሪ ነው አባዬ» አለችው። «ሲገለብጥ ይሳሳታል። ቀጣዩ ደግሞ ከነስህተቱ ይገለብጣል። እኛ ስህተቱን እየተከተልን ማን ከማን እንዳልገለበጠ እንደርስበታለን።»

«ማን እንዳልገለበጠ? ማን እንደገለበጠስ?»

«እሱን አፍ ሞልቶ መናገር ያስቸግራል። የሁለት ሰው ስህተት ካልተመሳሰለ ‹ከዚህ አይደለም› ማለት ይቻላል። ቢመሳሰል ግን መሐል ላይ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ‹እሱ አይደለም› ለማለት ነው?» ብሎ ሳቀባት።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ከምላጩ ይልቅ ምላሱ የተሳለ። ደንበኛውን አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ይቀልድበታል፤ ሰውዬው ጉሮሮው ላይ ምላጭ አለና መልስ የለውም። ወረርሽኙ ሲመጣ ሱቅህን ዝጋ ተባለ፤ ዘጋ። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነለትም። አንድ ከሰዓት የመላጫ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«ማዶ፣ መምህሩ ጋ። ፂሙ ፊቱን ውጦታል አሉ።»

«ሰውየው ታሟል እኮ አባዬ! ልትሞት ነው?»

«አንቺ የምታይው ቫይረሱን ነው፣ እኔ የማየው ፂሙን። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊት የቆመ ሰው እንደዚያ ሆኖ ይሙት?»

ቦርሳውን ነጥቃ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረችው። እሱም እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ «እሺ ዶክተሬ፣ ተሸነፍኩ» አለ። አመነችው። መምህሩ ሞተ፤ ቀጥሎ እሱ።

ውጤቱ የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው። ወንድሟን የያዘው የወደቡ ዓይነት ነው። አባቷን የያዘው ሌላ፤ እዚሁ ሰፈራቸው ውስጥ፣ መምህሩ ቤትም የተገኘው።

የመምህሩ ባለቤት ገቡ። እናቷ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ። «ባሌን እንደ ሙሽራ ላጭተው፣ አሳምረው ነበር እኮ የሸኙልኝ» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «ውለታቸውን ሳልመልስ!»

ልጅቷ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ለካ ሄዷል። ባለሱቋን አሁን በአንድ ቃል ዝም ማሰኘት ትችላለች። ግን ያ ቃል መጀመሪያ የሚያርፈው እኚህ ባልቴት ላይ ነው። ተቃጠለች፤ ዋጠችው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድታ ወደ ወንድሟ ወጣች።

ግማሹን እስኪጠጣ ጠበቀችው።

«ካንተ አይደለም» አለችው።

«ምኑ?»

«አባዬን የያዘው። ያንተ ሌላ፣ የሱ ሌላ ነው። ደግሜ አይቼዋለሁ።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«ሰው ላጽናና ብዬ ውጤት አልቀይርም። አታውቀኝም?»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ከማን ነው?» አለ።

«አላውቅም። ማን እንዳልሆነ ነው የማውቀው።»

«ለእማዬ ንገሪያት በናትሽ። ሰው ያለውን ይበል። እሷ ፊቷን ስታዞርብኝ ነው የምሞተው።»

እናቷን ጓዳ ጠርታ ነገረቻት። እናትየው አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ቦርሳውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወረድኩለት እኔ ነኝ። ወገቡን ያመው የለ፣ አልደርስ አለ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እየተመላለሰ ላጨው። ፎጣውን አጥቤ እሰጠው ነበር። ለአንቺ እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«እማዬ! ታዲያ ልጅሽ እንዲህ ሲሆን ዝም ትያለሽ?»

«ሰው ሁሉ ሲፈርድበት ሰምቼ ዝም አልኩ። የመጀመሪያ ቀን አፌ ተሳሰረ። ከዚያ በምን ዓይኔ ልየው?»

ልጅቷ ልትጮህባት አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቀርታለች፤ በዚህ ሰሞን ምን ያህል እንዳነሰች አየች። «አሁን እዪው» አለቻት ብቻ።

እናትየው ነጠላ ጫማ እንኳ ሳታጠልቅ በለቀስተኛው መሐል አልፋ ወጣች። ባለሱቋ ወሬዋን አቋረጠች፤ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጁ እናቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ወደ ኋላ አለ።

«አትጠጊኝ እማዬ» አላት።

እሱ ጠጥቶ የተወውን ብርጭቆ ከመሬት አነሣችና፣ ከንፈሩ ባረፈበት በኩል፣ ሁሉም እያያት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ ቆርቆሮው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ እጁን ስባ አስቀመጠችው።

«ቀዝቅዟል» አለች ኋላ፣ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ልጅቷ እየዘረጋች። «ለወንድምሽ ትኩስ ቅጂለት።»