አይሞቴ የሞተበት በር

አማት ቤት መግባት ከባድ ነው ይባላል፤ አማት ቤትህ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረን የለም። አንድን ስልክ ጠጋኝ የገጠመው ይኼ ነው። የሚስቱ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው፣ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው እስኪያገግሙ ብለው እሱ ቤት ገቡ። ሚስቱ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። እሱ ደግሞ የሚሠራው ሳሎን ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ ነውና ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲፋጠጡ ይውላሉ። "ደህና አደሩ?" "እግዜር ይመስገን" ከተባለ በኋላ ወሬው ባትሪ እንደጨረሰ መኪና ነው፤ ቢገፉትም አይነሳም።

አንድ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲልበት ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የሚወደውን ጌም ጀመረ። ነገሩ ህዋ ላይ ነው። አንዲት የተሰበረች መንኮራኩር አለች፤ ሆዷን ጥርሳም ፍጥረቶች ሞልተውታል፤ ሁለት ወታደሮች የብርሃን ጠመንጃ እየተኮሱ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ አለባቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ተመልሶ ካላነሳው አለቀለት።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ያኛው ለምን ይገተራል? ሹፌር የለውም?"

"ለሁለት ሰው የተሠራ ነው አባባ። ይሞክሩታል?"

ሞከሩት። ወታደራቸው ከግድግዳ ሲላተም፣ ጣሪያ ሲደበድብ ቆየና የመጀመሪያው በር ላይ ተበላ። ደገሙት፤ ተበላ። አዛውንቱ ጆይስቲኩን ቀስ አድርገው ሶፋው ላይ አኖሩና "ይኼ እንኳ የእናንተ ነው" ብለው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። አማች እሳቸው መታጠቢያ ቤት ደርሰው እስኪመለሱ የጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገባና የእሳቸውን ወታደር ጥይትም ጥርስም የማይነካው አደረገው።

"አንዴ ብቻ አባባ፤ እጅዎ ገና መፍታታቱ ነው።"

እጃቸውማ ተፍታታ! ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት ሆነ።

"ይለፉ አባባ!"

"አንተ እለፍ እንጂ፤ ልጅ እግሩ አንተ!"

"ኧረ እርስዎ እያሉ!"

እንዲህ በር ላይ ሲግደረደሩ አማች ይበላል። አዛውንቱ ያን ሁሉ ጥርስ ደረታቸውን ነፍተው አልፈው ያነሱታል። "ተነስ ወንድሜ! እኔ ቆሜ?"

ልባቸው ሞላ። የወጥ ቤቱን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ "ሰው አትጥራ" ብለው ራሳቸው ፈትተው ገጠሙት። ከጥገናው በኋላ ባሰበት። አማች እሳቸው ጋደም ሲሉ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ በሹክሹክታ አሠራው። ሲነቁ ቧንቧው ዝም ብሏል። "አየህ?" አሉ። "አየሁ" አለ።

"አባዬ እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ምን አድርገኸው ነው?" አለችው ሚስቱ።

"ምንም።" ወደ ስልኮቹ ዞረ።

ጉልበታቸው ሲሻላቸው አዛውንቱ የአውቶቡስ ጋራዡንና የድሮ ባልደረቦቻቸውን ጎበኙ። ፈክተው ተመለሱ። "ማረፊያ ክፍላቸው ያንኑ ጌም አስገብተዋል። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ አውርቼባቸዋለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ሞቼ አላውቅም ብዬ!"

አማች ያኔ መናገር ይችል ነበር። "ሥራ አለብኝ" አለ።

"ስልክ እግር የለው፤ የት ይሄድብሃል?"

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው። ማረፊያ ክፍሉ ግሪስ ግሪስ ይሸታል፤ እርጥብ ካፖርቶች ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ሹፌሩ ሁሉ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሯል። በሆዱ ምክንያት ጎማው የሚሉት መካኒክ ብድግ አለ። "አይሞቴ መጡ! ቦታ ልቀቁ!"

አዛውንቱ ተቀመጡና እንደለመዱት፣ ሳይጎነበሱ፣ ሳይከለሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው መሃል ለመሃል ገቡ። በሩ ላይ ተበሉ።



"አይሞቴ ሞቱ!" አለ ጎማው። "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

ሳቁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። "ጆይስቲኩ ነው" አሉ አዛውንቱ። ተቀየረላቸው። ሞቱ። የስምሪት ኃላፊው አዝኖ ጠጋ አለና "ቤት ያለው የማይሞትበት ተደርጎ ይሆናል እኮ። እንደዚያ የሚደረግበት አለ" አላቸው። አዛውንቱ ቀስ ብለው ዞረው አማቻቸውን አዩት። እሱ የጫማውን ማሰሪያ እያየ ነው። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ የሚባለውን እስከዛሬ ለቀልድ ነበር የሚለው።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሱ። ሳሎን ገብተው ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው አዛውንቱ የተነፈሱት።

"ሚስትህ ትንሽ ልጅ ሳለች ጭኔ ላይ አስቀምጬ መሪ አስይዛት ነበር፤ ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ቀስ እያልን። እግሬ ፍሬን ላይ ነው። እሷ የነዳች ይመስላታል፤ ትስቃለች። ደስ ይለኝ ነበር።" ጉልበታቸውን አሹ። "እሷ ልጅ ናት። እኔ ምንህ ነኝ?"

"አባባ፣ እንዲደሰቱ ብዬ…"

"ተደሰትኩ እኮ! ሲያስነክሰኝ የቆየው እግር እንኳ ተረስቶኝ ነበር። አንተን ከሞት ያነሳሁህ መስሎኝ።" ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። "ሌላስ?"

"ምን ሌላ?"

"ሌላ ምን አመቻችተህልኛል?"

አማች ጆሮው ወጥ ቤት ሄደ። ቧንቧው አንዲት ጠብታ አይጥል፤ ጸጥታው ጆሮ ይበሳል። "ቧንቧው…"

አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ። "ቆይ፣ በአንዴ አትጨርሰኝ። መጀመሪያ ያንን ጌም እንደ ሰው አድርገህ ክፈተው።"

ከፈተው። በሩ ጋ ደረሱ። "ይለፉ" ሊል አፉን ከፈተና ዋጠው፤ ቀድሞ ገባ። አዛውንቱ ግድግዳ ታክከው ተከተሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለሉ። 

"እውነትም ያስፈራል" አሉ፤ በተስፋ መቁረጥ አልነበረም። ወዲያው ከላይ የወረደ ጥርስ ጣላቸው። "ወደቅሁ! ና አንሳኝ!"

አማች ዞሮ ሮጠ። ፊቱ አሁንም በሃፍረት እሳት ነው፤ ስክሪኑን እንጂ እሳቸውን ማየት አልደፈረም። ሊደርስ ሲል እሱም ወደቀ። ሁለቱ ወታደሮች በሩ ሥር ጎን ለጎን ተዘረሩ፤ የሚያነሳቸው የለም።

አዛውንቱ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ እንደያዙ፣ ሳያስቀምጡት፣ ወደ እሱ ዞሩ።

"እሺ" አሉ። "አሁን የቧንቧውን ንገረኝ።"