ትን የማይል ውሃ

ባልደረቦቿ «ሙጬ» ይሏታል፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ካለው ማብላያ ጋን ላይ ተጣብቃ ስለምትውል። አራት ወር ሙሉ ባክቴሪያዎች ስኳር በልተው ሙጫ እንዲያወጡላት ስትለማመጣቸው ነበር። ሙጫው ደርቆ ሲፈጭ ውሃ ያወፍራል፤ ወፍራም ውሃ ደግሞ ጉሮሮው የደከመን ሰው ትን አይለውም።

መጀመሪያ ሥራ ብቻ ነበር። ከዚያ አባቷን ስትሮክ መታው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ሲጎነጭ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ሐኪሙ ያዘዘው ማወፈሪያ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቷል። በስታርች ሞከሩ፤ አፉ ውስጥ በምራቁ ቀጠነና ያው ትን አለው።

ጋኑ ውስጥ ያለውም እንደ እጣቢ እንደቀጠነ ነው። ሙቀቱን ወደ ሃያ ስምንት ዲግሪ አወረደችው። አሲዱን አስተካከለች። አየር ጨመረች። ወይ ፍንክች! በሰባተኛው ሙከራ በማይክሮስኮፕ ስታይ ባክቴሪያዎቹ እንደ ጉድ ተራብተዋል። ያኔ ገባት፤ ለምግብ የጨመረችላቸውን የእርሾ ጭማቂ አብዝታው ሥራቸው መውለድ ብቻ ሆኗል። ጭማቂውን በግማሽ ቀንሳ ስኳሩን ከፍ አደረገች፤ ፈሳሹ ሲከብድም አየር እንዳያጥራቸው የጋኑን ማማሰያ መቅዘፊያ አፈጠነች። በሦስተኛው ቀን ናሙናው ከማንኪያዋ አልወርድ አለ።

«ዶክተር፣ ወጣልን!» ብላ ወደ ኃላፊዋ ሮጠች።

«እሰይ፣ ልጄ!» ብለው አቀፏት። «ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ግን መመርመር አለበት። ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«አባቴ እስከዚያ እንዴት ይቆያል?»

«ቆሻሻ ቀርቶበት ሳንባው ቢገባስ? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ሙጫው ደርቆ እንደተፈጨ ግን ከዱቄቱ አንድ እፍኝ በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤት ስትደርስ ታናሽ ወንድሟ አባታቸውን ቀና አድርጎ ደግፎታል። ውሃው ውስጥ ነስንሳ አማሰለች፤ ወፈረ። ማንኪያውን ስታስጠጋ አባቷ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። ማንኪያውን ከከንፈሩ መለሰችው። ተነሥታ ሁሉንም ማጠቢያው ላይ ደፋችው።

«እትዬ፣ አብደሻል?» ወንድሟ ጮኸ። «በገዛ እጅሽ ሠርተሽው?»

«አልችልም። ብገድለውስ?»

«እንግዲያው በውሃ ጥም ይሙትልሽ!»

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። በዘጠነኛው ቀን አባታቸውን ክፉኛ ትን አለው፤ ሳንባው ተመረዘ፤ ሆስፒታል ገብቶ በአፍንጫው የመመገቢያ ቱቦ ተደረገለት።

ውጤቱ በአሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ዱቄቱ ንጹሕ ነበር። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወንድሟ ተቀብሏት አነበበና ወደ ውጭ ወጣ።

«አሁንስ ልስጠው?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀች።

«አሁን በአፉ ምንም አይገባም። ሳንባው ካገገመ፣ ምናልባት ከወር በኋላ እንሞክራለን።»

አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። የተሰነጣጠቀ ከንፈሩን በረጠበ ጥጥ ስታብስለት አባቷ ጥጡን በጥርሱ ያዘው። አልለቅም አለ።