ቤት የማይገባው ንፍሮ

እኔ ሰው ደንብ ሲጥስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። አርባ ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ደንቤን ይዤ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ገባሁ። «ጋሼ ገብረየሱስ መጡ» ሲባል ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ይሽሹ!

ከደንብ ሁሉ ግን የግንቦት ልደታን የሚበልጥብኝ የለም። እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ ሊባኖስ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ቤት አትገባም። ድሮ ሰፈራችን ሳይፈርስ በየአጥሩ ሥር እሳት ይነድ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ድስት ከብቦ ነው የሚቀመጠው። ትልቁን ብረት ድስት የሚያወጡት ደግሞ ጎረቤታችን እማማ ኡሙልኸይር ነበሩ። ያ ጊዜ የት ሄደ እላለሁ አንዳንዴ።

እናቴ ትርፌ የሞተችው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት አይገኝም። እማማ ኡሙልኸይር ከልጆቻቸው ጋር አሳደጉኝ። ረቡዕና ዓርብ ልጆቻቸው ወተት ሲጠጡ ለእኔ ሽሮ ያቀርቡልኛል። ስነጫነጭባቸው፣ ገብሬ፣ እናትህ አደራ ሰጥታኛለች፣ ጾምህን አስፈትቼ ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ ይሉኛል። እሑድ እሑድ ነጠላ አልብሰው ልደታ ማርያም በር ድረስ ይወስዱኝና ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ቆመው ይጠብቁኛል። ስንቱን ላውራ።

የኮንዶሚኒየሙ እጣ ሲወጣ ለእኔ ምድር ቤት ደረሰኝ፣ ለእሳቸው አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። ቢሆንም አንድ ሕንፃ ላይ መሆናችን ተመስገን ነው። ዘንድሮ ግን አልጋ ላይ ቀሩ፤ ነገሩም ሁሉ ይምታታባቸዋል፣ እኔን እንኳ አንዳንዴ የቀበሌ ሰው ይሉኛል። በዚያ ላይ ከሦስት ቀን ወዲህ መብላት እንቢ አሉ። ልጃቸው ፈሪዳ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለውን ሱቋን ዘግታ፣ አጥሚት ብትል ሾርባ ብትል አፋቸውን ይገጥማሉ። ሐኪሙ ካልበሉ ብዙም አይቆዩም ብሏታል።

የግንቦት ልደታ ዕለት አስቀድሼ ስመጣ የግቢው ሴቶች ከሕንፃው ጀርባ ንፍሮውን ቀቅለው ጠበቁኝ። ከብበን እንደተቀመጥን ፈሪዳ እየሮጠች ወረደች። እናቷ ጭሱ በመስኮት ሲገባ ሸቷቸው «የልደታ ንፍሮ» ብለዋል። በሦስት ቀን ውስጥ የጠየቁት ይህን ብቻ ነው። ትንሽ በሣህን ልውሰድላቸው አለች።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አምና አንዷን ጎረቤታችንን፣ ለታመመች አማቷ በፌስታል ቋጥራ ልትገባ ስትል፣ በሰው ፊት ያስመለስኳት እኔ ነኛ! ሴትዮዋ እዚያው ተቀምጣ ታየኛለች። አፈርኩ። ከቅዳሴ የመጣሁ ሰው፣ ምኑን ነው ሰምቼ የመጣሁት? ይቅርታ ጠየቅኋትና ሣህኑን ራሴ ሞልቼ ደረጃውን ወጣሁ።

አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ አንድ ማንኪያ አቀረብኩላቸው። ሣህኑን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ፊታቸው ተቆጣ።

«የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ? አውጣው። ትርፌ ምን ትለኛለች?»

አፋቸውን ገጠሙ። ስሜን ረስተዋል፣ ቤታቸውን ረስተዋል፣ የእናቴን ደንብ ግን አልረሱም። ክርስቲያኑ እኔ ስጥሰው ያስከበሩት እሳቸው ናቸው። እንባዬ መጣ፤ ፈሪዳ ፊት ነው ያለቀስኩት።

እንግዲያው ይውረዱ አልኩ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረውን የሚኒባስ ሹፌሩን ሔኖክን ጠራሁት። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን አወረድናቸው። ጉልበቴን አትጠይቁኝ። ሔኖክ መሃል ላይ ሌላ ሰው ልጥራ ብሎ ተቆጣኝ፤ እኔ እቴ፣ አልለቅም አልኩ። ስንደርስ ሴቶቹ እሳቱ ዳር ቦታ ለቀቁልን።

ሣህኑን ተቀበሉኝና ትንሽ ዘገኑ። አፋቸው ጋ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ እኔንም አይተው አለፉኝ።

«ገብሬስ?» አሉ። «እናት የለውም እኮ። እሱ ሳይበላ እኔ አልበላም።»

ፈሪዳ አፏን በሻሿ ያዘች። እኔ ነኝ እንዳልላቸው ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ራሴም መላጣ ነው፤ እሳቸው የሚፈልጉት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ምን ላድርግ? እግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አፌን ከፈትኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ የዘገኑትን አጎረሱኝ፣ አገጬንም በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ።

«ቀስ ብለህ አላምጥ» አሉ።

እስክውጥ ጠበቁኝ። ከዋጥኩ በኋላ ለራሳቸው ዘገኑና በሉ።