የጀፎረው አንቀጽ

ፈቀደ ኮት የሚለብሰው ለለቅሶ ብቻ ነበር። ስለዚህም ያን ዕለት ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ካለችው ጫማ መሸጫ ደጃፍ ኮት ለብሶ ቆሞ ሲያየው፣ ጎረቤቱ ካሣሁን ባንኮኒውን እንደ ተደገፈ፣

«ፍቄ፣ ማን ሞተ?» አለው።

«ማንም አልሞተ። ስብሰባ አለብኝ፤ የከሰል ሕግ ሊወጣ ነው።»

«ምነው፣ ኪሎው ጨመረ?»

«የምድጃው አይደለም። ከመሬት የሚቆፈረው ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሆነው።»

«እንግዲያ የሞተው መሬቱ ነዋ!» አለና ካሣሁን ወደ ሸቀጡ ተመለሰ።

ፈቀደ ለመሣቅ አቅም አልነበረውም። ሱቂቱም የራሱ አልነበረችም። ዘመኑን ሙሉ የነገደባት ሱቅ፣ ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ፈርሳ፣ እርሱ ከዘመዱ ሱቅ እኩሌታውን ተጠግቶ ይሠራ ነበር። ያኔም ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ነጋዴው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ አንገቱን ደፍቶም ወጣ፤ ማታ ግን ነጋዴው ዕቅዱን በአንድ ድምፅ ደገፈ ተባለ። ፈቀደ ከዚያ ወዲህ ያወቀው ነገር ቢኖር፣ በስብሰባ አዳራሽ ዝም ያለ ሰው እንደ ፈረመ የሚቆጠር መሆኑን ነው።

እንግዳው ሐጂ ሙደሲር ከውስጥ ወጡ። ከወልቂጤ ማዶ ካለችው ከፈቀደ የትውልድ መንደር፣ ሽማግሌዎች ልከዋቸው ትናንት መጥተው እርሱ ዘንድ ያደሩ ሰው ናቸው። ከመንደሪቱ ሥር የድንጋይ ከሰል ተገኝቷል። አሁን መሬቱ ለአምራቾች በሊዝ የሚሰጥበት ረቂቅ ደንብ ተዘጋጅቶ፣ የመጨረሻው የሕዝብ አስተያየት ዛሬ አራዳ ላይ ይሰማል። በረቂቁ ውስጥ ሐጂን ከአገራቸው ያስነሣቸው አንድ አንቀጽ ነበረ፦ ቤት ያልተሠራበት፣ ያልታረሰና በማንም ስም ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ ባዶ መሬት ነው፤ ያለ ካሣ ይሰጣል።

ጀፎረው እንዲህ ያለ መሬት ነበር። በጉራጌ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት የሚተያዩበት ያ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ሙሽራ የሚታጀብበት፣ ሬሳ የሚለቀስበት፣ የተጣላ የሚዳኝበት ነው። ማንም በስሙ አላስመዘገበውም፤ የሁሉም ነውና። ማንም አላረሰውም፤ ነውር ነውና። ሰዎቹ ትውልድ ከትውልድ በክብር ስላልነኩት፣ ሕጉ ባለቤት የሌለው ብሎ ሊጽፈው ተነሣ።

ዳገቱን አብረው ሲወጡ ፈቀደ፣

«ሐጂ፣ ሰብሳቢዋ አንቀጹን አንብባ ተቃውሞ ያለው ስትል፣ እርስዎ ወዲያው ይነሡ» አላቸው።

«አልነሣም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ልሰማ ነዋ። የመሬት ነገር በሰሙበት ቀን አይመለስም። ሰምቼ እሄዳለሁ፤ ጀፎረው ላይ ተቀምጠን እንመክርበታለን፤ ከዚያ ቃላችንን ይዤ እመጣለሁ። ሥርዓቱ ይኸው ነው።»

«እነዚህ ሰዎች አይጠብቁም።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እዚህ ይነቅዛል፣ ሐጂ። ያውም ሳያድር።»

ሐጂ ሊተነፍሱ ቆሙ። ዳር ዳሩን በአጥር የተከለለውን፣ ትናንት ቤት የነበረውን ሜዳ ጥቂት ተመለከቱና፣

«አንተም ብትሆን አፍህን እንዳትከፍት። ያልተላከ ሰው ስለ መንደር ከተናገረ የሚያገኘውን ታውቃለህ» አሉ።

ፈቀደ ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ጀፎረው ላይ ቆሞ እስኪዳኝ ድረስ ከሰው ጋር አይቀመጥበትም፤ የራሱ ሰው ቢሞትም የለቅሶው ድንኳን እዚያ አይጣልም። የፈቀደ እናት መንደር ውስጥ ታማ አልጋ ላይ ናት።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሕብረት የሕግ ባለሙያ ስትሆን፣ ይህንኑ ረቂቅ በየአዳራሹ ስታነብ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ደክማለች፤ የደከመ ሰው ደግሞ ጸጥታን ይወዳል። አዳራሹ ሞልቶ የባዶ መሬቱን አንቀጽ አነበበች።

«በዚህ ላይ ተቃውሞ ያለው?»

ከፊት የተቀመጡት የፋብሪካ ሰዎች ስልካቸውን ይነካካሉ። ሐጂ ሙደሲር ሁለት እጃቸውን ከምርኩዛቸው ላይ አኑረው፣ ከባድ ነገር እንደሚሰማ ሽማግሌ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሕብረት ወደ እርሳቸው ተመለከተች። ያን የረጋ ፊት አይታ እሺታ መሰላትና፣ በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አደረገችላቸው። ሐጂም መልሰው እጅ ነሡ። ሰላምታ መስሏቸው ነው።

«እንግዲህ ተቃዋሚ ከሌለ፣ በስምምነት አልፏል ብዬ አስይዛለሁ።»

ፈቀደ ወደ ሐጂ ዞረ። አልተንቀሳቀሱም። እናቱ ትዝ አለችው፤ ድንኳኗ፤ ባዶው ሜዳ። ከዚያም ተነሣ።

«እመቤቴ፣ እኚህ አባት ዝም ያሉት ተስማምተው አይደለም። በእኛ አገር የመሬት ነገር በተሰማበት ቀን አይመለስም፤ ሳይመከርበትም ቃል አይሰጥበትም። ባዶ ያላችሁት መሬትም ባዶ አይደለም። ዳኝነታችንም ለቅሷችንም እዚያ ነው።»

አዳራሹ ዞሮ አየው። ወይዘሮ ሕብረት መነጽሯን አወለቀች።

«አባቴ፣ እንዲህ ነው?» አለች ሐጂን።

ሐጂ ምርኩዛቸውን አዩ እንጂ አልመለሱም። እርሳቸውም ቢሆኑ ቃል አልተሰጣቸውም፤ መስሚያ ብቻ ነበሩ።

«ዝም ያለ ሰው ተቃወመ ብዬ ላስይዝ አልችልም» አለች፣ ወደ ፈቀደ ተመልሳ። «ተቃውሞ ከቀረበ አንቀጹ ተነጥሎ ይቆያል፤ እዚያው መንደር ሄደን እንሰማበታለን። ይሰረዛል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። ተቃዋሚው ማን ልበል?»

«ፈቀደ በሉ።»

«መንደሩ ወክሎሃል?»

«አልወከለኝም። ተወልጄበታለሁ።»

እርሷም ጻፈች።

ሲወጡ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ሐጂ ሙደሲር ምርኩዛቸውን እየተከሉ ቁልቁለቱን እስኪጋመሱ ድረስ ወረዱ። ከዚያ ቆሙ።

«አዋረድከኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የከተማ ሰው ሽማግሌን ቀድሞ ተናገረ ይባላል። ዳኝነቱ አይቀርልህም፤ ጀፎረው ላይ ትቆማለህ።»

«እሺ፣ ሐጂ። ቦታው ከተረፈ እቆማለሁ።»

ሐጂ መልስ አልሰጡትም። ይህም ነገር በሰሙበት ቀን የሚመለስ አልነበረም። መንገዱን የሚሞሉትን ታክሲዎች ጥቂት ካዩ በኋላ፣ እንዲያሻግራቸው ክንዳቸውን ሰጡት።